ያ የሕፃንነት ደም የት ሄደ?

ሐምሌ አጋማሽ ነበር። ጅማ ከሰዓት ጀምሮ ዝናቧን ለቃዋለች። ከሥራ ወጥቼ የአዌቱን ድልድይ ሳልሻገር እህቴ ደወለች። ልትናገር አልቻለችም፤ ታለቅሳለች። ስልኩን እማዬ ተቀበለቻትና «ቶሎ ነይ፤ ሚጡ ደም የላትም ተባለች» አለችኝ።

ሚጡ የእህቴ የመጀመሪያ ልጅ ናት። ያን ቀን 10 ሳምንቷን ይዛለች። የእኔ ሥራ ደግሞ ደም ማየት ነው፤ የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ፤ በቀን የስንት ሰው ደም በእጄ እንደሚያልፍ መቁጠር ከተውኩ ቆየሁ። ያም ሆኖ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ልቤ ይመታ ነበር። የራስ ልጅ ሲሆን እውቀት ቶሎ አይደርስም።

ቤት ስገባ ሚጡ ተረጋግታ ትጠባለች። ጉንጯ ሞልቷል። እማዬ የምርመራ ወረቀቱን ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ ይዛዋለች፤ ቀይ ሥር ተገዝቶ መጥቷል፤ ለእህቴ ደግሞ ጉበት ተጠብሶ ቀርቧል። ወረቀቱን ፈታሁት። ሄሞግሎቢን፣ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ 10.1። ከጎኑ ወደ ታች የሚያመለክት ቀይ ቀስት። ከቀስቱ ቀጥሎ በትንንሽ ፊደል «ከ12 እስከ 16» ይላል። የመረመሩበት ክሊኒክ «ከባድ የደም ማነስ ነው፤ ካልተሻሻለ ደም መስጠት ያስፈልግ ይሆናል» ብሏቸው ሽሮፕ ጽፎ ልኳቸዋል።

የሚጡን የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገልበጥ አድርጌ አየሁ፤ ቀይ ነው። መዳፏን አየሁ። ቢጫነት የለም። ክብደቷ በደንብ ጨምሯል። ጊዜዋን ጠብቃ የተወለደች ልጅ ናት። በማግስቱ አንድ የሕፃናት ሐኪም ባልደረባዬም አያት፤ እኔ ያሰብኩትን ነው ያረጋገጠልኝ። ሚጡ አልታመመችም። ማሽኑም አልተሳሳተም፤ ቁጥሩ ትክክል ነው። የተሳሳተው ከጎኑ የታተመው መለኪያ ነው። ከ12 እስከ 16 የአዋቂ ሴት መለኪያ ነው። የ10 ሳምንት ሕፃን ደም በአዋቂ መለኪያ ተመዘነና ጎደለ ተባለ።

ይህ የወረቀት ጉድለት ቀላል አይደለም። አንዲት አራስ ሌሊቱን ሙሉ አልቅሳለች። የማሽኑን መለኪያ እንደ ታካሚው ዕድሜ መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ በየላብራቶሪው ያለን ሰዎች ይህን ማድረግ አለብን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያስነሳኝ ግን ያን ማታ እማዬ የጠየቀችኝ ጥያቄ ነው።

እንዲህ አልኳት። ልጅ ሲወለድ ደሙ ከእኔና ከአንቺ ደም ይበልጣል፤ ሄሞግሎቢኑ 16 እና 17 ይደርሳል። ማህፀን ውስጥ ኦክስጅን ጠባብ ስለሆነ ብዙ ቀይ የደም ሕዋስ ያስፈልገዋል። ተወልዶ የመጀመሪያውን አየር ሲስብ ኦክስጅኑ በአንዴ ይትረፈረፋል። ሰውነት «ደም አምርት» የሚለውን ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይቀንሳል። ምርቱ ሲቀዘቅዝ የነበሩት ሕዋሳት ዕድሜያቸውን እየጨረሱ ይሄዳሉ፤ የአዋቂ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ሲኖር የአራስ ልጅ ግን ከ60 እስከ 90 ቀን ነው። ልጁም በዚያው ያድጋል፤ ያለው ደም ለሰፋው ሰውነት ይሳሳል። ስለዚህ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ቁጥሩ ወርዶ ወርዶ 10 አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ ሆርሞኑ ይነቃል፤ አዲስ ደም መሠራት ይጀምራል። አዲሱ ደም ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ የሚበዛው የአዋቂ ደም ነው።

«እንዴት የአዋቂ ደም?» አለች እማዬ።

«የጽንስ ሄሞግሎቢን ሌላ ነው፤ የእኛ ሌላ።»

ዝም አለችና፣ «ታዲያ ያ የሕፃንነቱ ደም የት ሄደ?» አለችኝ።

ወለል ላይ የፈሰሰ ነገር የምትጠይቅ ይመስል ነበር። ያን ማታ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም።

መጀመሪያ ልዩነቱን በዓይን ማየት ይቻላል። አንድ ጊዜ ለተማሪዎች አሳይቻቸዋለሁ። በሁለት የመስታወት ቱቦ ውሃ ይደረጋል፤ በአንዱ ጥቂት ጠብታ የአዋቂ ደም፣ በሌላው ከእትብት የተቀዳ ደም ይገባል። ሁለቱም እኩል ሮዝ ይሆናሉ፤ ማንም አይለያቸውም። ከዚያ በሁለቱም ላይ ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይጨመራል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ይጠበቃል። የአዋቂው ቱቦ እየደበዘዘ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ቡና እንደተለቀለቀበት ሲኒ ውሃ ይጠይማል። የእትብቱ ሮዝነቱን እንደያዘ ይቀራል። ያ ሄሞግሎቢን በቀላሉ አይፈርስም። ኮርበር የተባለ ሰው ይህን የአራስ ደም ጥንካሬ እ.ኤ.አ. በ1866 አስተውሎታል፤ ጂን የሚባል ቃል ገና ሳይፈጠር።

ሄሞግሎቢን ከአራት ሰንሰለት የተገመደ ነው፤ ሁለቱ አልፋ ይባላሉ። ለዚህ ታሪክ ዋናው የቀሩት የሁለቱ መቀያየር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኤፕሲሎን፣ ከዚያ እስከ ልደት ጋማ፣ ከልደት በኋላ ቤታ። ጋማ ያለበት ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን አጥብቆ ይይዛል። በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሄሞግሎቢንን «ልቀቅ» እያለ የሚጎተጉት ቢፒጂ የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የእናትየዋ ሄሞግሎቢን ይታዘዘዋል፣ የጽንሱ እምብዛም አይሰማውም። ስለዚህ በእንግዴ ልጁ በኩል ሁለቱ ደሞች ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሲያልፉ ኦክስጅኑ ከእናት ወደ ልጅ ይሻገራል። እናት ትሰጣለች የምንለው በዚህም ደረጃ እውነት ነው።

ደሙ ብቻ ሳይሆን የሚሠራበትም ቦታ ይዛወራል። በ3ኛው ሳምንት ገደማ የመጀመሪያዎቹ የደም ሕዋሳት የሚታዩት ከጽንሱ አካል ውጭ፣ የአስኳል ከረጢት በሚባለው ላይ ነው። በ4ኛውና በ5ኛው ሳምንት ሌላ ነገር ይሆናል፤ የዋናው ደም ሥር የውስጥ ሽፋን ላይ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት ግድግዳነታቸውን ትተው ተነቅለው ይወጡና የደም ግንደ ሕዋስ፣ ማለትም ሌሎቹ የደም ሕዋሳት ሁሉ የሚወለዱበት ሕዋስ፣ ይሆናሉ። ራንክስ-1 የተባለው ጂን ከሌለ ይህ አይሆንም። እኔና እናንተ ዛሬ የምንኖርበት ደም ዘሩ የሚጀምረው ከእነዚህ ጥቂት ሕዋሳት ነው።

ከዚያ ወደ ጉበት ይሄዳሉ። በኋላ ይህን ሳወራላት እዚህ ጋ እማዬ አቋረጠችኝ። «ጉበት ደም ይሠራል ስላችሁ አልሰማም ስትሉኝ ነበር!» አለች። ለአዋቂ ጉበት ብረት ይሰጣል እንጂ ደም አይሠራም፤ ለጽንስ ግን እውነቷን ነው፤ ከ2ኛው ወር ጀምሮ እስከ 7ኛው ወር ገደማ ዋናው የደም ፋብሪካ ጉበት ነው።

የጽንስ ጉበትን ሳስብ ትዝ የሚለኝ የአባቴ የቡና ችግኝ መደብ ነው። ቡና ዝም ብሎ እርሻው ላይ አይዘራም። መጀመሪያ በጥላ ሥር፣ ለስላሳ አፈር ላይ፣ ጎን ለጎን ተጨናንቆ ይበቅላል፤ አናቱ ላይ ገለባውን እንደ ቆብ አድርጎ ብቅ ይላል፤ ከዚያ ሁለት ክብ ቅጠል ይዘረጋል። ክረምቱ ሲገባ እየተነቀለ ወደ ቋሚ ቦታው ይሄዳል። ግንደ ሕዋሳትም ጉበት ላይ ይባዛሉ። ሲበቃቸው ወደ አጥንት ይፈልሱና መቅኒው ውስጥ ይተከላሉ። እዚያ ከደረሱ በኋላ ጠባያቸው ይለወጣል፤ መባዛት ይተዉና ብዙውን ጊዜ ያንቀላፋሉ፤ የዕለት ሥራውን ለልጅ ልጆቻቸው ይተዉላቸዋል። ሶክስ-17 የሚባል ጂን በአይጥ ላይ ሲጠፋ የጽንሱ ግንደ ሕዋስ ይጠፋል፤ የአዋቂው ግን ያለሱ ይኖራል። ሁለቱ አንድ ዘር ሆነው የሚታዘዙት ትእዛዝ የተለያየ ነው።

ወደ እማዬ ጥያቄ ልመለስ። ያ ደም የትም አልሄደም።

በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ እነዚያ የሄሞግሎቢን ጂኖች በሰልፍ ቆመዋል፤ ኤፕሲሎን፣ ሁለት ጋማ፣ ዴልታ፣ ቤታ። የቆሙት ተራቸው በሚደርስበት ቅደም ተከተል መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከሰልፉ ራቅ ብሎ አንድ ማዘዣ ቦታ አለ፤ የዘረመሉ ክር ይታጠፍና ማዘዣው ተራው የደረሰውን ጂን ይነካል። ሲነካው ይሠራል። ቤታ ተራው ሲደርስ ጋማ አልተሰረዘም፤ አልተቀደደም። እዚያው አለ። በአራስ ልጅም፣ በእኔም፣ በእማዬም መቅኒ ውስጥ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት አለ። የተዘጋ ብቻ ነው።

ማን ዘጋው? ይህን ለማወቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ መነሻው ደግሞ እንደ እህቴ ያሉ እናቶች ልጆች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 ጃኔት ዋትሰን የተባለች በብሩክሊን የምትሠራ የሕፃናት ሐኪም ሲክል ሴል (ቀይ የደም ሕዋስን የሚያጣምም፣ በዘር የሚወረስ ሕመም) ያለባቸው ልጆች በአራስነታቸው እንደማይታመሙ አስተዋለች፤ የጽንሱ ሄሞግሎቢን እየጠበቃቸው ይሆናል አለች። በኋላም ይህ ሄሞግሎቢን በአዋቂነታቸው ሳይዘጋ የቀረላቸው ሰዎች ተገኙ። ጤነኞች ናቸው፤ ሲክል ሴል ቢወርሱ እንኳ አይሠቃዩም ወይም ጥቂት ነው የሚሠቃዩት። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 የብዙ ሰዎች ዘረመል ሲነጻጸር ጣት የተቀሰረው ቢሲኤል-11ኤ ወደሚባል ጂን ነበር። በ2008 ቪጃይ ሳንካራንና ስቱዋርት ኦርኪን ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን ጂን በደም ሕዋሳት ውስጥ ሲያዳክሙት ጋማ ተመልሶ ሲሠራ አዩ። ቁልፉ እሱ ነበር።

ቁልፉንም የሚጠብቅ አለ። በጽንስ ውስጥ ሊን-28ቢ የሚባል ሌላ ጂን ይሠራል፤ የእሱ ፕሮቲን የቢሲኤል-11ኤን መልእክት ይይዝና ወደ ፕሮቲን እንዳይተረጎም ያግደዋል። መልእክቱ ተጽፏል፣ አልተነበበም። ልጁ ሲያድግ ሊን-28ቢ ይጠፋል፤ ቁልፉ ይሠራል፤ ጋማ ይዘጋል። ይህ ሰዓት የሚቆጥረው ከልደት ቀን ሳይሆን ከጽንሰት ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል። በ7 ወሩ የተወለደ ልጅ ስለተወለደ ብቻ ቶሎ አይቀይርም፤ ደሙ ያሰበውን ቀን ይጠብቃል።

ስለዚህ የሚጡ 10.1 ውስጥ ሁለት ነገር ነበረ። የመጠኑ መውረድ የሆርሞኑ ጉዳይ ነው፤ የዓይነቱ መለወጥ የጂኖቹ ጉዳይ ነው። በአንድ ሰሞን ስለሚገጥሙ ብዙ ጊዜ ይደባለቃሉ።

ይህን ሁሉ ሳነብ ከዓይኔ የማይጠፋ አንድ ልጅ አለ። ከምዕራቡ ቆላ የመጣ የ7 ዓመት ልጅ ነበር። ደሙን ስላይድ ላይ ቀብቼ ቀለም ነክሬ ሳየው፣ ክብ መሆን ከሚገባቸው ሕዋሳት መካከል ሹል ሹል ያሉ፣ ማጭድ የመሰሉ ተበትነው አየሁ። ከመታው ወባ ይልቅ ያስደነገጠኝ እነሱ ናቸው። በቤታ ሰንሰለት ላይ 6ኛው ቦታ ላይ ያለ አንድ አሚኖ አሲድ፣ ግሉታሚክ አሲድ መሆን ሲገባው ቫሊን ሆኗል፤ የአሚኖ አሲዱን መለወጥ ቨርነን ኢንግራም እ.ኤ.አ. በ1957 አሳይቷል። ያ አንድ ለውጥ ነው ሕዋሱን የሚያጣምመው። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ሰው ከከባድ ወባ ይጠበቃል፤ ከሁለቱም የወረሰው ዕድሜውን ሙሉ ይሠቃያል።

እናቱን ጠየቅኳት። «መቼ ጀመረው?»

«እስከ ስድስት ወሩ እንደ ማንም ልጅ ነበር፣ እህቴ። ከዚያ እጁና እግሩ አበጠ። አልቅሶ አያባራም» አለችኝ።

ስድስት ወር። ጋማ ተዘግቶ የታመመው ቤታ ሜዳውን የያዘበት ወር ነው። ያቺ እናት ፊደል አልቆጠረችም፤ የነገረችኝ ግን ዋትሰን ያየችውን ነው። ከዚያ በፊት በሄደችበት ቦታ ሁሉ «ቁርጥማት ነው» እየተባለች ስድስት ዓመት ተመላልሳለች። አንድ ሰው «መቼ ጀመረው?» ብሎ መልሱን ቢያዳምጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ዓመት አይባክንም ነበር። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ለዚያ ልጅ መድኃኒቱ በራሱ ውስጥ ነው ያለው፤ ተቆልፎ። ይህን ሐሳብ ይዘው ሳይንቲስቶች የታመመውን ጂን ከማረም ይልቅ ቁልፉን መስበር መረጡ። ከታማሚው ግንደ ሕዋስ ይወሰዳል፤ ክሪስፐር በሚባለው የዘረመል መቀስ ቢሲኤል-11ኤ በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ እንዲሠራ የሚያደርገው ትንሽ ቦታ ይቆረጣል፤ የቀረው መቅኒ በኃይለኛ መድኃኒት ይጠረግና የተስተካከለው ሕዋስ ይመለሳል። ቪክቶሪያ ግሬይ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2019 ታከመችበት። ካስጌቪ ተብሎ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 በብሪታንያ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር በአሜሪካ ተፈቀደ። ሲፈቀድ ዋጋው በአሜሪካ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ይህን ቁጥር ለዚያች እናት መንገር አልችልም። ሕክምናው ድንቅ መሆኑን አምናለሁ። ግን ሲክል ሴል ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ያ ዋጋ ለእነሱ በር አይደለም፣ ግድግዳ ነው። የቀረበ ነገር አለ። ሃይድሮክሲዩሪያ የሚባል በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የጽንሱን ሄሞግሎቢን በመጠኑ ይመልሳል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ተፈቅዷል። በአንጎላ፣ በዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ በኬንያና በኡጋንዳ ልጆች ላይ ተጠንቶ ውጤቱ በ2019 ሲወጣ ሕመሙን፣ ወባውንና ሞቱን ጭምር ቀንሶ ተገኝቷል። ሲወለዱ ደማቸው ቢታይ፣ ፔኒሲሊንና ክትባት በጊዜው ቢያገኙ፣ ይህ መድኃኒት ሳይቋረጥ ቢቀርብላቸው ስንቱ ልጅ ትምህርት ቤቱን በጨረሰ። እንደ እኔ ያለ ባለሙያ ደግሞ ስላይዱን ሳይቸኩል ቢያይ።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ «እትብቴ የተቀበረበት» እንላለን። እኔም እትብቴ ጅማ ነው የተቀበረው፤ የሚጡም ከእማዬ ግቢ የቡና እግር ሥር ነው። በዚያ እትብት ውስጥ የቀረው ደም ከጉበት ወደ መቅኒ በጉዞ ላይ ያለ ግንደ ሕዋስ የሞላበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ኤሊያን ግሉክማን ፓሪስ ላይ ፋንኮኒ አኒሚያ የሚባል፣ መቅኒው ደም መሥራት የሚያቅተው የዘር ሕመም ያለበትን ልጅ በአራስ እህቱ የእትብት ደም አከመች፤ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ወዲህ እትብት ሲቀበር ስሰማ ለቃሉ ያለኝ ስሜት ጨምሯል።

የካቲት ላይ ሚጡ 9 ወሯን ደፍና ለኩፍኝ ክትባት መጣች፤ እማዬም አብራ። መንገዱ ሁሉ ከሰሞኑ ካፊያ በኋላ የቡና አበባ ይሸታል። ሚጡን በዚያው ለካናት፤ 11.6። ያለ ደም፣ ያለ ሽሮፕ። እኔ ግን ሌላ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ስላይድ፤ አንዱ የእትብት ደም፣ አንዱ የሚጡ፣ አንዱ ጠዋት ከእማዬ ጣት የወሰድኩት። ክላይሃወርና ቤትከ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጡት ዘዴ በአልኮል አጸናኋቸው፤ አሲድ ውስጥ ነከርኳቸው፤ ቀለም ሰጠኋቸው። አሲዱ የአዋቂውን ሄሞግሎቢን ያወጣዋል፤ ሕዋሱ ባዶ ጥላ ሆኖ ይቀራል። የጽንሱ ሄሞግሎቢን አይወጣም፤ ይቀላል።

እማዬ መነጽሯን አውልቃ አጎነበሰች። የእትብቱ ስላይድ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው ማለት ይቻላል። በሚጡ ላይ አብዛኛው ጥላ ሆኗል፤ መካከል መካከሉ ላይ ቀይ አለ። ሦስተኛውን ሳስቀምጥላት «ይሄ ባዶ ነው» አለች። ስላይዱን ቀስ እያልኩ ገፋሁት። ጥላ፣ ጥላ፣ ጥላ። ከዚያ አንድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ያዢው» አለችኝ።

«እሱ ነው» አልኳት።

«የእኔ ነው?»

«ያንቺ ነው። ሕዋሱ ራሱ ቢበዛ አራት ወሩ ነው። የያዘው ግን አያቴ ስታረግዝሽ የነበረውን ዓይነት ነው።»

68 ዓመቷ ነው። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ፣ በእጇ ወደ ኋላ እየዳበሰች እህቴን ጠራቻት። እህቴ ሚጡን አዝላ መጥታ ስታጎነብስ፣ ሚጡ በትከሻዋ ላይ ተንጠራርታ የማይክሮስኮፑን አንገት በሁለት እጇ ያዘችው፤ ሥዕሉ ተንቀጠቀጠና ያ ሮዝ ነጥብ ጠፋን። እማዬ «ፈልጊው» አለችኝ። እንደገና መፈለግ ጀመርኩ።